የላምባ በረዶ

በ1997 ዓ.ም. ጂንካ ውስጥ ለአራተኛ ክፍል ልጆች በረዶ ለማሳየት ሲባል፣ ኮልቾ ለተባለች ሩቅ መንደር ሴቶች የተዘጋጀው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ተበላሸ። ያበላሸችው እናቴ ናት። ነገሩ ይኸው ነው። የቀረው ማን ምን እንዳወቀና ማን እንዳላወቀ ሆኖ እንደተቀመጠ ነው።

እኔ በበኩሌ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት እስክደርስ ድረስ ምንም እንዳልተበላሸ አምን ነበር። እናቴ የኮልቾ መንገድ ስለሰለቻት የፈጠረችው ሰበብ ይመስለኝ ነበር። ማስረጃ ነበረኝ፤ ሳይንስ ተምሬያለሁ።

የሳይንስ መምህራችን ቲቸር ፋንታሁን ከሞጣ ተመድቦ የመጣ ረጅም ሰው ነበር። ጂንካ ላይ በዚያ ሙቀት ኮት የሚለብሱት እሱና የባንኩ ዘበኛ ብቻ ነበሩ። ክፍላችን የከሰዓት ፈረቃ ነው። የጣሪያው ቆርቆሮ ይንጣጣል፣ የፊተኛው ፈረቃ ልጆች ላብ ገና አልወጣም፣ ግማሾቻችን እንቅልፋችንን እንታገላለን።

«ቁስ አካል በስንት ሁኔታ ይገኛል?»

«በሦስት!»

«እነማን?»

«ጠጣር፣ ፈሳሽ፣ ጋዝ!»

ይህን እንደ መዝሙር ነበር የምንለው። ለጠጣር ድንጋይ፣ ለፈሳሽ ውሃ አልን። ጋዝ ላይ ስንደርስ በረከት እጁን አወጣ።

«የፋኖስ ጋዝ!»

«እሱ ላምባ ነው፤ ፈሳሽ ነው። ቁጭ በል።»

«ቲቸር፣ ሱቅ ሄዶ ጋዝ ስጡኝ ላለ ሰው እኮ እሱን ነው የሚቀዱለት።»

ክፍሉ ሳቀ። ቲቸር ፋንታሁን ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ዓይኑን አሻሸ። ያኔ እየተቆጣ መስሎኝ ነበር። አሁን እኔም ስለማስተምር ያ እንቅስቃሴ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሰውየው ደክሞት ነበር።

ጋዙን ተወውና ወደ ውሃ ተመለሰ። «ውሃ በጣም ሲቀዘቅዝ ጠጣር ይሆናል። በረዶ።»

«የሰማዩ?» አለች አጠገቤ የምትቀመጠው ጸሎት።

«የሰማዩም፣ ሰው የሚሠራውም።»

«በረዶ የሚሠራ ሰው የለም። የሚሠራው እግዚአብሔር ነው።» አባቷ ወንጌላዊ ስለሆነ በዚህ ጉዳይ ከእሷ ጋር የሚከራከር አልነበረም። ቲቸር ፋንታሁን ግን ለከተማው እንግዳ ነው፤ ተከራከረ። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ፤ እሱ ብቻውን በአንድ ወገን ቀረ።

«ዓርብ አሳያችኋለሁ» አለ በመጨረሻ።

በዚያን ጊዜ ጂንካ መብራት የሚመጣው ከጄኔሬተር፣ ሲመሽ፣ እሱም ደስ ሲለው ነበር። ሌት ተቀን የሚቀዘቅዝ ነገር የነበረው እናቴ እጅ ላይ ነው። እናቴ ሽታዬ በአንድ ጤና ጣቢያ የክትባት ክፍል ነርስ ነበረች፤ ሰው ሁሉ ሲስተር ሽታዬ ይላታል። ክትባቱ የሚቀመጠው በላምባ በሚሠራ ነጭ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ከፍሪጁ ሆድ ሥር እንደ ፋኖስ ክር ያለው እሳት ይነዳል፤ ሰማያዊ፣ ጢስ የሌለው። ከታች እሳት፣ ከላይ ብርድ። እንዴት እንደሆነ ስጠይቃት «እኔም አላውቅም፤ እኔ የማውቀው እሳቱ እንዳይጠፋና በሩ እንዳይከፈት ነው» ትለኝ ነበር።

በሩን በተመለከተ ቀልድ አታውቅም። ስትዘጋው በመዳፏ ጠቅ እስኪል ትጫነዋለች፤ ከዚያ እጀታውን ሳብ አድርጋ መያዙን ታያለች። ልማዱ ስለያዛት የቤታችንን በር፣ ቁም ሳጥኑን፣ የመጸዳጃ ቤቱን ቆርቆሮ ሳይቀር እንዲሁ ነበር የምትዘጋው። አባቴ ዘሩባቤል ወይጦ እርሻ ላይ ትራክተር ስለሚነዳ ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። በመጣ ቁጥር «ሽታዬ፣ እኔንም በር ዘግተሽ ልታቀዘቅዢኝ ነው?» እያለ ይቀልድባታል።

ሐሙስ ምሳዋን ላደርስላት ስሄድ ቲቸር ፋንታሁን የክትባት ክፍሉ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«ሲስተር፣ ላስቸግርሽ ነው።»

«እዚህ የሚመጣ ሁሉ ሊያስቸግረኝ ነው የሚመጣው። ምን ሆንክ?»

«ጤነኛ ነኝ። በረዶ ፈልጌ ነው።»

«በረዶ? ቢራዬን አቀዝቅዥልኝ ያለኝን ሁሉ ነው የመለስኩት።»

«ለልጆቹ ነው። ያላዩትን ነገር ጠጣር ነው፣ ጠጣር ነው እያልኩ ማስተማር ሰለቸኝ።»

እናቴ የምሳ ዕቃውን ከእጄ ተቀበለችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «እኔም የሰው በረዶ ሳላይ ነው ጠጣር ብዬ ጽፌ ፈተና ያለፍኩት» አለች። ከዚያ ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ፈልጋ ውሃ ሞላችበት። በረዶ መሥሪያው ውስጥ ክትባት ለመንገድ የሚያዝበት ሳጥን ማቀዝቀዣዎች ታጭቀው ስለነበር አንዱን አውጥታ ቆርቆሮውን በቦታው አስገባች። በሩን ዘጋች፤ ጠቅ፤ ሳብ። ከዚያ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ክሩን ከፍ አደረገችው። ሰማያዊው እሳት ወፈረ፤ እሳቱ ሲጨምር ብርዱ ይጨምራል።

«እስከ ነገ ቀትር ብቻ ነው፤ ከዚያ አወርደዋለሁ» አለች።

ዓርብ ቲቸር ፋንታሁን ቆርቆሮውን በጆንያ ጠቅልሎ ገባ። ትሪ ላይ ገልብጦ ቂጡን በድንጋይ ሲመታው የቆርቆሮውን ቅርጽ እንደያዘ ወጣ፤ ነጭ፣ መሐሉ የተሰነጠቀ። ይጨሳል። ከኋላ ያሉት ወንበር ላይ ወጡ።

«ያቃጥላል!» ብሎ ጮኸ በመጀመሪያ የነካው። እውነቱን ነበር፤ እኔም ስነካው ያቃጠለኝ መሰለኝ። በረከት ምላሱን አስጠጋና ምላሱ ተጣበቀበት፤ ሲላቀቅ ዓይኑ እንባ አቅርሮ «ጣዕም የለውም» ብሎ ፈረደ። ቲቸር ፋንታሁን ኮቱን አወለቀ። ከዚያ በፊት ሲያወልቅ አይቼው አላውቅም። እጅጌውን ሰብስቦ በረዶውን በድንጋይ ፈረካከሰና ለሁላችንም አከፋፈለ። እጃችን እስኪደነዝዝ ያዝነው፣ ጉንጫችን ላይ አደረግነው፣ እርስ በርስ አንገታችን ውስጥ ጨመርነው። ሰውየው ይስቅ ነበር። እንደዚያ ቀን ያለ ትምህርት ከዚያ ወዲህ አልተማርኩም፤ አስተምሬም አላውቅም።

ጸሎት የደረሳትን ለአባቷ ልታሳይ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ደበቀችው። በእረፍት ስትፈልገው ኪሷ ርሷል፤ በረዶው የለም። «ሰረቁኝ!» ብላ አለቀሰች። ቲቸር ፋንታሁን አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ «ማንም አልሰረቀሽም። ውሃ ነበር፣ በረዶ ሆነ፣ አሁን ውሃ ሆነ። ምንም አልጠፋም» አላት። ተመልሰን ስንገባ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈው፦ ሁኔታው ይለወጣል እንጂ ነገሩ ያው ነው። እኛም ገለበጥን።

ዛሬ ያንን ዓረፍተ ነገር ለተማሪዎቼ ስጽፍ «ለውሃ» የሚል ቃል እጨምርበታለሁ።

እኛ በበረዶ ስንጫወት ከወይጦ በጭነት መኪና ምጥ የያዛት ሴት አምጥተው ነበር። እናቴ ቆርቆሮውን ለቲቸር ፋንታሁን ከሰጠች በኋላ ወደ ማዋለጃ ክፍል ሮጠች፤ የወጣችው ሲመሽ ነው፤ በቀጥታ ወደ ቤት መጥታ ጫማዋን ሳታወልቅ ተኛች። ቅዳሜ ገበያ ሄደች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን። እሳቱ ከፍ እንዳለ ይነድ ነበር።

ሰኞ ምሳ ይዤ ስሄድ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ አገኘኋት። ፊት ለፊቷ ሁለት ትናንሽ ጠርሙሶች አሉ። ሁለቱን ባንድ እጇ ይዛ ናጠች፣ ናጠች፣ ከዚያ መስኮቱ ደፍ ላይ ጎን ለጎን አቆመቻቸውና አገጯን ደፉ ላይ አስደግፋ ማየት ጀመረች። ብርዱ ካልደረሰበት ከፍሪጁ በር አጠገብ ያወጣችው አንደኛው እንደ ወተት ደፍርሶ ቆየ። ሌላኛው ከላይ እየጠራ ሄደ፤ ከታች ነጭ አተላ ተኛበት። ሌላ ጠርሙስ አምጥታ እንደገና ናጠች። አሁንም ያው። ጨዋታ መሰለኝ።

«እማ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ዝም በይ።»

«ምሳ…»

«ቀዝቅዞ ተበላሽቷል» አለች። ለእኔ አልነበረም የምትናገረው።

ነገሩ ትርጉም አልሰጠኝም። ጂንካ ላይ ነገር የሚያበላሸው ሙቀት ነው፤ ወተቱን፣ ሥጋውን፣ ያደረ ወጡን። ብርድ ሲያበላሽ ማን አይቶ ያውቃል? ደግሞ ጠርሙሶቹ ቀልጠው ነበር፤ ስትንጣቸው ፈሳሽ ሆነው አይቻለሁ።

«እማ፣ አሁን እኮ ቀልጧል። ቲቸር ፋንታሁን ሲቀልጥ ያው ነው ብሎናል።»

ዞር ብላ አየችኝ። «ቲቸር ፋንታሁን ካለ እንግዲህ» አለችና ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደገፈች።

እኔም የራሴን መደምደሚያ ያዝኩ። በማግስቱ ወደ ኮልቾ ልትሄድ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ስለዚያ መንገድ ስታማርር ሰንብታለች፤ ስለ አቧራው፣ ከዲመካ ወዲያ ስላለው ሙቀት፣ መኪናው ወገቧን ስለሚሰብረው። ስለዚህ ሰበብ አግኝታለች። እናቴ ትዋሻለች።

ከሰዓት ክፍል ስገባ ቲቸር ፋንታሁንን ጠየቅሁት። «ቲቸር፣ ክትባት በረዶ ሆኖ ቢቀልጥ ይበላሻል እንዴ? እማ ተበላሸ ትላለች።»

ጠመኔው እጁ ላይ ቆመ። «ለማን ነገረች?»

«ለእኔ።»

«ለአቶ ጸጋዬስ?» አቶ ጸጋዬ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ነው።

«አላውቅም።»

«ሂጂ ቁጭ በይ» አለኝ። የዚያን ቀን አላስተማረንም። ከመጽሐፉ ገጽ እንድንገለብጥ አዘዘንና በመስኮት በኩል የሜዳውን አውሮፕላን ማረፊያና እዚያ ላይ የሚግጡትን ላሞች ሲያይ ዋለ። ለእናቴ ያዘነላት መሰለኝ።

አመሻሹ ላይ ሙዝ ይዞ ቤታችን መጣ። ግቢ ውስጥ ቆመው አወሩ፤ እኔ መስኮቱ ሥር ነበርኩ። ድምፁ ይመጣል ይጠፋል።

«…ዝውውሬ እኮ ሊፈቀድ ደርሷል፣ ሲስተር…»

እናቴ ምን እንዳለች አልሰማሁም።

«…ስሜን አታንሺ። አንቺ የአገሩ ልጅ ነሽ፣ ልጅ ታሳድጊያለሽ፣ ይራሩልሻል። እኔን ግን…»

«ሙዙን ውሰደው» አለች እናቴ።

«ለልጅቷ ነው።»

«ለልጅቷም ቢሆን።»

ሙዙን ደጃፉ ላይ ትቶት ሄደ። እኔ በላሁት። ጸሎት ደግ ሰው መልካም ሥራውን ሲሠራ ስሙ እንዲነሳ አይወድም ብላ አስተምራኝ ስለነበር፣ ስለ እናቴ አቶ ጸጋዬን ሊለምንላት ነው፣ ግን በስውር፣ ብዬ ደመደምኩ። የሙዙ ልጣጭ ላይ ቆሜ እናቴን ታዘብኳት። እንዲህ ያለ ሰው መጥቶ ቁጭ በል እንኳ አላለችውም።

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ አንድ የኬሚስትሪ መምህር ከሰዓት በኋላ እያዛጋ ስለ ኮሎይድ አስተማረን። ደቃቅ ብናኝ ፈሳሽ ውስጥ ተንሳፍፎ የሚቆይበትን ሁኔታ። አንዳንዱ፣ አለ፣ አንዴ ከቀዘቀዘ ብናኙ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ቢቀልጥም አይመለስም። የሚታየው ፈሳሹ ነው፤ ሥራው ግን ሄዷል። ምሳሌ ብሎ ክትባት ጠራ። ብታናውጡትና ብታስቀምጡት፣ የተበላሸው ቶሎ ይዘቅጣል።

ከክፍል ወጥቼ ደወልኩላት።

«እማ፣ ያኔ እውነት ተበላሽቶ ነበር?»

«ምኑ?»

«የኮልቾው ክትባት።»

ከወዲያ ድስት ሲማሰል ይሰማል። «አንቺ ልጅ፣ ትምህርት ትተሽ ነው የምትደውዪው?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩሽ እኮ። ቲቸርሽን አመንሽ።»

የዚያን ሰው ሙዝ ምን እንደነበረም ያን ዕለት ነገረችኝ፤ ቅያሜ በሌለው ድምፅ፣ የሌላ ሰው ታሪክ እንደምታወራ። ሊለምንላት ሳይሆን፣ ዝውውሩ እንዳይቀርበት ስሜን አታንሺ ብሎ ነው የለመናት። እኔም ጀግና ነበርሽ፣ ምናምን ማለት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«የምን ጀግና? ደክሞኝ ነበር። ሄጄ ብወጋቸው ካርዳቸው ላይ ተከትባለች ብዬ መጻፍ አለብኝ። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ተመልሼ ፊታቸውን ማየት አለብኝ። ያንን የምሸከምበት ጉልበት አልነበረኝም። ያልተከተበች ሴት ቢያንስ እንዳልተከተበች ታውቃለች። በይ፣ ሽሮው እያረረብኝ ነው።»

ንጹሕ ታሪክም አይደለም። የኮልቾ ሴቶች የዚያን ማክሰኞ ከየማሳቸው ወጥተው፣ ልጆቻቸውን አዝለው፣ ከወንዙ በላይ ባለው ዛፍ ሥር ሲጠብቁ ውለው ተመለሱ። ምትክ ክትባት የመጣው ዝናቡ መንገዱን ዘግቶ ከከፈተ በኋላ ነው። ያኔ የመጡት ጥቂት ነበሩ አሉ፤ የቀሩት፣ እነዚያ ሰዎች ውሸታሞች ናቸው ብለው ቀሩ። እናቴን ወደ ካርድ ክፍል አዛወሯት። እኔ ሁለተኛ ደረጃ እስክጨርስ ድረስ እዚያው ስም ስትፈልግ ኖረች። ቲቸር ፋንታሁን ዓመቱ ሳያልቅ ወደ አገሩ ተዛወረ። ዘምረን ሸኘነው። እኔ አለቀስኩ።

እንግዲህ ማክሰኞ ጠዋት።

እናቴ በማለዳ ቀስቅሳ ይዛኝ ሄደች። ጤና ጣቢያው ጓሮ ቆሻሻ የሚቃጠልበት ጉድጓድ አለ፤ የተቃጠለ ጥጥና መድኃኒት ይሸታል። እዚያ አጠገብ ሳጥኑን አስቀመጠች፣ ጓንት አጠለቀች፣ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ድንጋይ ላይ እያደረገች በሌላ ድንጋይ መሰባበር ጀመረች። አትቸኩልም። ትመታለች፣ ስብርባሪውን ወደ ጉድጓዱ ትገፋለች፣ ሌላ ታነሳለች። ለቲቸር ፋንታሁን ያላትን ንዴት እየተወጣች መሰለኝ። ልጅ ዕቃ ሲሰብር ይገረፋል፤ እናት ስትሰብር ማን ምን ይላል ብዬ ፈራሁ።

አንዲት ጠርሙስ ብቻ አስቀረችና ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ጨመረች። እጇን ታጠበች፣ ፀጉሯን በመሀረብ አሰረች፣ ከአቶ ጸጋዬ ቢሮ ፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ።

«ከዚህ እንዳትነሺ።»

ግቢው ውስጥ መኪናው ሞተሩ ተነስቶ ቆሟል። ከእሷ ጋር ክትባት የሚሰጠው ዳርጌ የውሃ ጀሪካን እየጫነ፣ «ሲስተር ሽታዬ! ፀሐዩ ሳይከርር እንውጣ እንጂ!» ይላል። እሷ ግን ወደ ቢሮው ገባች። በሩ ገርበብ ብሎ ቀረ።

«ይህን መኪና በስንት ልመና እንዳመጣሁት ታውቂያለሽ?» የአቶ ጸጋዬ ድምፅ ነው። «ኮልቾ ቀጠሮ ተይዟል። የክትባት ሽፋናችን ከሁሉም መጨረሻ ነው፤ በየስብሰባው የምሰደበው እኔ ነኝ።»

«ተበላሽቷል፣ አቶ ጸጋዬ። ይኸው።»

ጠርሙሷ ጠረጴዛው ላይ ስታርፍ ሰማሁ።

«ይሄ ምኑ ተበላሸ? ቀልጧል አይደል?»

«ቀልጧል።»

አግዳሚው ላይ ሆኜ ራሴን ነቀነቅሁ። አላልኩም?

«ጠርሙሷ ላይ ያለው ምልክትም ደህና ነው፤ ቀለሙ አልተለወጠም።»

«ምልክቱ ሙቀት እንጂ ብርድ አይናገርም።»

«ታዲያ ማን ያውቃል?»

«እኔ።»

 ውጭ ዳርጌ ጡሩምባ ነፋ።

«ለምንድነው የቀዘቀዘው?»

«እሳቱን ከፍ አድርጌ ረሳሁት።»

«ለምን ከፍ አደረግሽው?»

ወደ በሩ ተጠጋሁ። አሁን የቲቸር ፋንታሁንን ስም ትጠራለች፤ እሱም ይመጣና ሳይንሱን ያስረዳቸዋል፤ ሁሉም ነገር ያበቃል።

«ረሳሁት አልኩዎት።»

ወንበር ተንቋቋ። «እሺ፣ ሲስተር። ወገብሽን አሞሻል፣ ደክሞሻል፣ ይገባኛል። አንቺ ቅሪ። ዳርጌ ይሂድ። ሳጥኑን ስጪውና ወደ ቤትሽ ግቢ፤ እኔም ምንም አልሰማሁም።»

«ሳጥኑ ባዶ ነው።»

«ምን ማለት ነው ባዶ?»

«ጠዋት ሰብሬ ጉድጓድ ጨመርኩት። የቀረችው ይህቺ ናት።»

«ማን ፈቅዶልሽ?»

«ማንም። ብጠይቅዎት ይከለክሉኝ ነበር።»

 «ቁልፉን» አለ አቶ ጸጋዬ። የፍሪጁ ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ሲወርድ ጠርሙሷን ነካት መሰል፣ ቅጭል አለች።

እናቴ ወጣች። ፊቷ ላይ ያየሁት ሽንፈት መሰለኝ፤ ያየሁት ግን እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነበር። አላየችኝም፤ ወይም አይታኝ አለፈች። ወደ በሩ ዞረች። መዳፏን ዘርግታ ጠቅ እስኪል ተጫነችው፤ ከዚያ እጀታውን ሳብ አድርጋ መያዙን አየች።